የተለጠጡት ሙሽሮች

ባለፈው ጥር ታናሽ ወንድሜ ቤት ተጠርቼ ነበር። እሱና ሚስቱ ከተጋቡ ሃያ ዓመት ሞላቸው ተባለ። የግብዣው እውነተኛ ምክንያት ጋብቻው ይሁን ወይስ በዚያው ሰሞን የተገዛው ቴሌቪዥን፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ቡፌው ላይ ከነዳንቴሉ ለዓመታት ተቀምጦ የኖረው ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ወደ ጓዳ ተሰድዷል፤ በቦታው እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ 43 ኢንች ስስ ቴሌቪዥን ገብቷል። ምሳ ተበልቶ ቡናው እስኪፈላ ወንድሜ ከመሳቢያ ውስጥ ሦስት ዲስኮች አወጣ። የሠርጉ ቪሲዲ ነው፤ በጥር 1997 ዓ.ም. የተቀረጸ፤ በላያቸው ላይ በቀይ ማርከር «1»፣ «2»፣ «3» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። አሮጌው ዴክ ከአልጋ ሥር ተፈልጎ መጣ፤ አቧራው ተጠረገ፤ ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ተሰካ፤ ሁላችንም ሶፋው ላይ ተጠጋጋን።

ምስሉ እንደ መጣ ሳቅ ሆነ። ሙሽራው ወንድሜ የዛሬውን ቦርጩን ያኔውኑ ይዞት የነበረ ይመስላል። የሚዜዎቹ ትከሻ ሰፍቶ በበር የሚገቡ አልመስል አሉ። በአበባ የተንቆጠቆጠችው መርሴዲስ ዝቅ ብላ ተንጣላለች፤ ጎማዋ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ሆኗል። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀጥሎ ድንኳኑ መጣ። እናቴ ነጠላዋን ከፍ አድርጋ ይዛ እልል ስትል ካሜራው ተጠጋት። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት የወንድሜ ልጅ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ አያቴ እንዲህ ወፍራም ነበረች እንዴ?» አለችኝ።

እናቴ ቀጭን ነበረች። ቀጭን ብቻም አይደለችም፤ ልብስ ሰፊው ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጥብቦላት ሦስተኛ የምትመልስለት ሴት ነበረች። ያረፈችው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ይህች ልጅ የተወለደችው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። ስለ አያቷ ያላት እውቀት ለመታወቂያ የተነሳች አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍና እኛ የምናወራላት ብቻ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት አባቷ ቀደመኝና «አዎ፣ ያኔ እንኳ ትንሽ ወፈር ብላ ነበር» አላት። ሊቀልድ አልነበረም። የእናቱን ቅጥነት ከእኔ እኩል የሚያውቅ ሰው፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከገዛ ትዝታው ይልቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አመነ።

እኔ ስለ መጻሕፍትና ስለ ፊልም እንጂ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይህን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ስለ ቪሲዲ ሲነሳ የሚሰማው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጥራት የለውም»፣ «ደብዛዛ ነው»፣ «በአዲሱ ቴሌቪዥን አይታይም»። ደብዛዛነቱን አልክድም። ይሁንና እናቴን ያወፈራት ደብዛዛነት አይደለም። ዲስኩ የያዘው ጥቂት ነገር ነው፤ የፊቷን ቅርጽ ግን አላዛባውም። ያዛባው ያንን ጥቂት ብዙ ለማስመሰል የተነሳው አዲሱ መስኮት ነው። ሰው ሁለቱን ጥፋቶች አንድ ላይ እየቀላቀለ ሁሉንም በዲስኩ ላይ ያላክካል። ዲስኩም ወደ ቆሻሻ ይጣላል።

ለመሆኑ ቪሲዲ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1993 ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ማትሱሺታና ጄቪሲ የተስማሙበት ደንብ ነው። ሐሳቡ የቆጣቢ ሰው ሐሳብ ነበር፤ ለሙዚቃ በተሠራው ተራ ሲዲ ላይ፣ ሙዚቃ በሚነበብበት በዚያው ፍጥነት፣ 74 ደቂቃ ያህል ተንቀሳቃሽ ምስል ከነድምፁ ማስገባት። ለዚህ ሲባል ምስሉ በመጀመሪያ እንዲያንስ ተደረገ፤ ወደ ጎን 352 ነጥብ፣ ወደ ታች 288። (ይህ እኛ በምንጠቀምበት በፓል ሥርዓት ነው፤ በአሜሪካኖቹ ወደ ታች 240 ብቻ ነው።) ከዚያ ይኸው ያነሰው ምስል እንደገና ሃያ ስድስት እጅ ያህል ተጨመቀ። ቀለሙማ የባሰ ነው። ብርሃንና ጥላው በ352 በ288 ሲመዘገብ፣ ቀለሙ የሚመዘገበው በግማሽ በግማሹ፣ በ176 በ144 ነው። የቪዲዮ ካሜራው በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ይቀርጻል፤ ዲስኩ 25ቱን አስቀርቶ የተረፈውን ይጥላል። አሜሪካና አውሮፓ ይህን ሁሉ አይተው ብዙም አልፈለጉትም፤ ዲቪዲ እስኪመጣ በቪኤችኤስ ካሴታቸው ቆዩ። ቻይናና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ግን እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። እኛም ዘንድ ሥር የሰደደው ዴኩም ዲስኩም ርካሽ በመሆኑ ነው። ካሴት ሲባዛ አንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ዲስክ ግን በደቂቃዎች ይገለበጣል። አንድ ኮምፒውተር ያለው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለአማትም ለሚዜም የሚበቃ ቅጂ ያወጣ ጀመር።

እነዚያን ቁጥሮች አሁን አዲሱ መስኮት ላይ እናስቀምጣቸው። የዲስኩ ነጥቦች ሲባዙ 101,376 ይሆናሉ። የወንድሜ ቴሌቪዥን 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥብ አለው። ዲስኩ ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ነጥብ ቴሌቪዥኑ ሃያ ነጥብ ማብራት አለበት ማለት ነው፤ አንዷ ተነግራዋለች፣ አሥራ ዘጠኙን ከራሱ ይገምታል። አራት ኬ የሚባለው ላይ ደግሞ ግምቱ ሰማንያ ይደርሳል። መጭመቂያው ዘዴ ምስሉን 16 በ16 ነጥብ በሆኑ ካሬዎች እየሸነሸነ ስለሚሠራ፣ ምስሉ ወደ ጎን 22፣ ወደ ታች 18 ካሬ አለው። ባለ 43 ኢንቹ መስኮት ከፍታው 53 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነውና አንዱ ካሬ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይቆማል። ጭፈራው ሲጦፍ ምስሉ ላይ የሚወጣው ያ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ የመሰለ ነገር ይኸው ነው።

ታዲያ በድሮው ቴሌቪዥን ለምን አላየነውም? ዲስኩ ያኔም ያው ነበር። ምሥጢሩ አንድም በመጠኑ ነው። የባለ 21 ኢንቹ ምስል ከፍታ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንዷ የዲስኩ ነጥብ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አትበልጥም። ጤነኛ ዓይን እንዲህ ያለችውን ነጥብ ከሦስት ሜትር ተኩል በኋላ ለይቶ ማየት ያቆማል፤ አብዛኛው ሳሎናችን ደግሞ ከሶፋው እስከ ቡፌው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቤታችን ሳናውቀው ለቪሲዲ ተለክቶ የተሠራ ነበር ማለት ነው። በ43 ኢንቹ ላይ ያችው ነጥብ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ትጠጋለች። እንደ ድሮው እንድትጠፋ ከስድስት ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልጋል፤ በወንድሜ ቤት ይህ ግድግዳ ጥሶ ጎረቤት ሳሎን ገብቶ መቀመጥ ነው። አንድም በመስተዋቱ ነው። የድሮው መስኮት ከኋላው ባለው ቱቦ በሚተፋው ጨረር ስለሚበራ የእያንዳንዱ ነጥብ ዳር ልስልስ ነበር፤ አንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳል። አዲሱ ግን ዳራቸው በምላጭ የተቆረጠ ነጥቦች ድርድር ነው። ለሰጡት ነገር ሁሉ ስለታም ጠርዝ ይሰጠዋል፤ ለቆሻሻውም ጭምር።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ድህነት ነው፤ ይቻላል። የማልችለው መለጠጡን ነው። የዲስኩ ምስል አራት እጅ ወርድ በሦስት እጅ ቁመት ሆኖ የተቀረጸ ነው። አዲሱ መስኮት አሥራ ስድስት በዘጠኝ ነው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ወስዶ ወደ ጎን በሲሶ ጨምሮ ይዘረጋዋል፤ ቁመቱን አይነካውም። ሰው ሁሉ ባለበት ቁመት በሲሶ ይወፍራል። ፊት ይሰፋል፤ አፍንጫ ይደፈጠጣል፤ ረጅሙ ሰው አጭር ይመስላል፤ ቀለበት እንኳ ክብነቱን ያጣል። በሪሞቱ ሌላ ምርጫ አለ፤ «ዙም» ይሉታል። ይህኛው ቅርጹን አያዛባም፤ ነገር ግን መስኮቱን ለመሙላት ከላይና ከታች የምስሉን ሩብ ይቆርጠዋል። ወንድሜ እሱንም ሞከረ፤ ሙሽሪት ቬሏን፣ ካህኑ ጥምጣማቸውን አጡ። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ መካከሉን ጤነኛ አድርጎ ዳር ዳሩን ብቻ የሚለጥጥ። በዚህ ጊዜ መካከል ላይ ያሉት ሙሽሮች ያምራሉ፤ ዳር የቆሙት ሚዜዎች ይነፋሉ። ካሜራው ሲዞር ሰው ከመካከል ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ያብጣል፤ ሲመለስ ይሟሽሻል። ምን ዓይነት አእምሮ ይህን እንዳሰበው መቼም ይደንቃል።

«ታዲያ ምን ይሁን? ግራና ቀኙን ጥቁር አድርጌ ላየው ነው እንዴ ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁት?» አለኝ ወንድሜ። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። በየቤቱ ያለው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥቁሩ ቦታ ያልተሠራ፣ የተሰረቀ፣ ገንዘብ ከፍለንበት ያልተሰጠን ይመስለናል። ነገር ግን የዚህን ቅርጽ ታሪክ ያየ ሰው ተቃራኒውን ያገኛል። አራት በሦስት ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ዲክሰን የተባለው ሰው ለፊልም ካወጣው ቅርጽ የመጣ ነው። ቴሌቪዥን ወረሰው። ሲኒማ ቤቶች ተመልካች ሲሸሻቸው መጋረጃቸውን አሰፉ፤ ሲኒማስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1953 መጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ የቴሌቪዥን ቅርጽ ሲፈለግ ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የነበሩትን ቅርጾች ሁሉ በእኩል ስፋት እየሣለ አንዱን በሌላው ላይ ደራረባቸው፤ ሁሉንም የሚያቅፈው አራት ማዕዘን አሥራ ስድስት በዘጠኝ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቅርጽ የተመረጠው ድሮውንም ሰፊውንም ሳይቆርጥ ሳይለጥጥ ውስጡ እንዲያስቀምጥ ነው። ጠባቡ ሲገባ ጎኑ ጥቁር ይሆናል፤ ሰፊው ሲገባ ከላይና ከታች። ጥቁሩ ቦታ በስሌቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ነበረ። የለጠጠው ፋብሪካውና የደንበኛው ስስት ነው።

ምስሉ ወደ ልኩ ሲመለስ ዲስኩ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል መፍረድ ይቻላል። ነጭ ልብስ አይችልም። በባውዛ ብርሃን ሥር የቆመች የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት አንድ ወጥ የኖራ ግድግዳ ትሆናለች፤ ሽመናው፣ እጥፋቱ ይጠፋል። ጥበቡ ደግሞ ቀለሙ በግማሹ ስለ ተመዘገበ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ነጩ ይፈስሳል፤ አረንጓዴና ቀይ የነበረው ቡናማ ነገር ይሆናል። እስክስታ ከሁሉ ይበልጥ ይገድለዋል። መጭመቂያው ያልተንቀሳቀሰውን እየዘለለ የተንቀሳቀሰውን ብቻ በመመዝገብ የሚቆጥብ ነውና፣ አርባ ትከሻ በአንድ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ የሚቆጥበው አጥቶ ይፈራርሳል። የወሎም ሆነ የጎንደር ትከሻ በቪሲዲ የሸክላ ክምር ነው። የሚችለው ፊት ነው። ዝም ብሎ የሚሰማ፣ የሚያዳምጥ፣ ቀስ ብሎ ፈገግ የሚል ፊት በቅርብ ከተያዘ፣ ሃያ ዓመት ቆይቶም ይናገራል።

ይህን ያልኩት በሠርጉ ብቻ አይደለም። ማታ ቤቴ ገብቼ ከድሮው ክምር ውስጥ ጥቂት የአማርኛ ፊልሞችና የሙዚቃ ክሊፖች አውጥቼ ፈተንኳቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጸ ሲኒማ ቤት መታየት ሲለመድ፣ ወደ ቤታችን የሚገባው በቪሲዲ ነበር፤ ከቪዲዮ ቤት እየተከራየን በሁለት ዲስክ ያየነው። ታሪኩ በተጋጋለበት ሰዓት የመጀመሪያው ዲስክ ያልቅና ሁላችንም ተነስ አንተ፣ ተነሽ አንቺ የምንባባልበትን ጊዜ የማያስታውስ አይኖርም። ያኔ ተቺዎች፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ፊልሞቹ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ፊት በፊት ብቻ ናቸው፣ አገር አይታይባቸውም ብለን ወቅሰን ነበር። አሁን ስመለከታቸው ግማሹን ወቀሳ ለመመለስ ተገድጃለሁ። አገር ሊያሳዩ የሞከሩት ክሊፖች፣ አረንጓዴው ተራራ፣ የጤፉ ማሳ፣ ፏፏቴው፣ ዛሬ የሽሮ ገንፎ ናቸው። ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ፊት ለፊት ያወሩት ፊልሞች ግን ይታያሉ። ዳይሬክተሮቹ ይህን አስበውበት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ምናልባትም ገንዘብ ስላልነበራቸው ብቻ ይሆናል። ድርሰታቸው ላይ ያለኝ ቅሬታ እንዳለ ነው። ግን የተዋንያኑ ዓይን አለ። በአራት በሦስት ሲታዩ ምስሎቹ አቀማመጥ እንዳላቸውም ተገለጠልኝ፤ አንዱ ተዋናይ ግራ ጥግ፣ ሌላው ቀኝ ጥግ ተቀምጠው በመካከላቸው የሚያስጨንቅ ባዶ ቦታ ይታያል። ሲለጠጥ ያ ባዶ ቦታ ይሰፋና ጭንቀቱ ይላላል፤ ሁለቱ ሰዎች ሩቅ ለሩቅ የተቀመጡ ሁለት ትራሶች ይመስላሉ።

የከፋው ግን ይኸው ነው፤ ቤታችን ያለው መለጠጥ በአንድ ቁልፍ ይመለሳል፣ አንዴ ተለጥጦ የተቀዳው ግን ያንን ያህል በቀላሉ አይመለስም። ብዙ የድሮ ክሊፖችና ፊልሞች ከቪሲዲ ወደ ዩቲዩብ የወጡት አስቀድመው ወደ ሰፊው ቅርጽ ተለጥጠው ነው። ጣቢያዎችም ከማኅደር የሚያወጡትን የድሮ ምስል አልፎ አልፎ እንዲሁ ለጥጠው ያስተላልፋሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ፣ በ1977 ዓ.ም. ቀለም ከገባ በኋላም ለረጅም ዓመታት፣ የተቀረጸው ሁሉ አራት በሦስት ነው። እነዚያ ዘፋኞች፣ እነዚያ ጋዜጠኞች፣ እነዚያ አርበኞች ሁሉ ዛሬ ለሚያያቸው ልጅ አጫጭርና ክብ ፊት ያላቸው ሰዎች ሆነው እየተመዘገቡ ነው። የወንድሜ ልጅ ያነሳችው ጥያቄ በየቤቱ ይነሳ ይሆናል፤ «አዎ፣ ያኔ እንዲህ ነበሩ» ብሎ የሚመልስ አዋቂም አይጠፋም።

ሌላ ፈተናም ገጠመን። ልጅቷ ጥፋተኛነት ተሰምቷት ይሁን ልትረዳን ብላ፣ የአያቷን ፊት ከመስኮቱ ላይ በስልኳ አነሳችውና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶ በሚያጠራ ፕሮግራም አሳለፈችው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አንዲት ጥርት ያለች፣ ሽፋሽፍቷ አንድ ባንድ የሚቆጠር፣ ቆዳዋ የተወለወለ ሴት ወጣች። ወንድሜ «እዩት! እዩት!» አለ። እኔ ፎቶውን ተቀብዬ ብዙ አየሁት። ሴትዮዋ ታምራለች፤ እናቴ ግን አይደለችም። ጥርሷ ግጥም ያለ ነው። እናቴ ፍንጭት ነበረች። አባቴ ያገባት በዚያች ፍንጭት ነው እየተባለ በቤታችን ሲቀለድ ያደግንበት ነገር ነው። ፕሮግራሙ ብዙ ሺህ የሰው ፊት አይቶ የተማረ ነውና፣ ከዲስኩ ያላገኘውን ከሌሎች ሰዎች ፊት ወስዶ ሞላው። ቴሌቪዥኑ ቢያወፍራት እናቴን ነው ያወፈረው፤ ይኸኛው ሌላ ሴት አስገባልን።

በመጨረሻ ሪሞቱን ተቀበልኩ። ቅርጹን ወደ 4፡3 መለስኩት። ከዚያ የምስል ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ስለት የሚጨምረውን ዜሮ አደረግሁት፤ እሱ እውነተኛ ስለት አይጨምርም፣ በየጠርዙ ነጭ ክር ይጨምራል እንጂ። ምስል የሚያጠራውንና እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም አጠፋሁ፤ የመጀመሪያው የሰውን ፊት መጨማደድ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይጠርጋል፣ ሁለተኛው በሁለት ምስል መካከል ያልተቀረጸ ምስል ይፈለስፋል። ብርሃኑንም ቀነስኩ። ሶፋውን ከልጅቷ ጋር እየገፋን እስከ ግድግዳው አስጠጋነው። ስድስት ሜትር አልሞላም፤ አራት ግን ይሆናል። ወንድሜ ጥቁሩን ጎን እያየ «ሬሳ ሣጥን አስመሰልከው» እያለ አጉረመረመ። ሚስቱ ግን ከወጥ ቤት ስትመለስ በር ላይ ቆማ «ውይ! ቀሚሴ እንዲህ ነበር እንጂ!» አለች።

ሁለተኛውን ዲስክ ስናይ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ያ ቪዲዮ ቀራጭ፣ ያኔ ዋጋ በዛ ብለን የተከራከርነው ሰው፣ ሥራውን የሚያውቅ ነበር። ጭፈራውን እንደ ነገሩ ቀርጾ፣ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው የሚያዩትን ሽማግሌዎችና እናቶች ግን አንድ ባንድ፣ በቅርብ፣ ሳይቸኩል ይዟቸዋል። ባውዛ የያዘው ልጅ ጥላ እንዳይወድቅባቸው ጎን ለጎን ይከተለዋል። ያን ቀን የተቀረጸበትን ዋናውን ካሴት ፍለጋ ያልሄድኩበት የለም፤ ካሴቱ ላይ ያለው ምስል ከዲስኩ በብዙ ይሻል ነበር። እንደ አብዛኛው በላዩ ላይ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል። ያለን ዲስኩ ብቻ ነው። ቪሲዲ ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ለስሕተት ማረሚያ የሚያስቀምጠው ነገር ከዳታ ሲዲ ያነሰ ስለሆነ፣ ትንሽ ጭረት ይበቃዋል። ሦስተኛው ዲስክ «መልስ» ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ በጥጥ ጠርገነዋል፣ በሌላ ዴክ ሞክረነዋል። አንደኛውንና ሁለተኛውን በማግሥቱ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኳቸው፤ ሳልለጥጥ፣ ሳላጠራ፣ እንዳሉ። በዲስኩ ውስጥ ያሉትን ትልልቆቹን ፋይሎች ብቻ መቅዳት ነው፤ ከዚህ በላይ ጥበብ የለውም።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። እናቴ እልል የምትልበት ቦታ ሲደርስ ልጅቷ «ፍንጭቷን አሳየኝ» ብላ አስቆመችኝ። አስቆምኩት። የቆመው ምስል ላይ ምንም አልነበረም፤ ካሬዎች፣ ነጭ የሆነ ጥርስ የሚመስል ነገር፣ ግራጫ ነገር። የእናቴ ፊት ወርዱ 120 ነጥብ ቢሆን ነው፤ ፍንጭቷ ከሁለት ነጥብ አትበልጥም። ልጅቷ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ተጠጋች፤ ሲጠጉት ደግሞ ጭራሹን ጠፋ። «የለም እኮ» አለች። «ተመለሺና ተቀመጪ» አልኳትና ትንሽ ወደ ኋላ መልሼ ለቀቅሁት። እናቴ ነጠላዋን ከፍ አደረገች፤ እልል አለች፤ ጨርሳ ወደ ጎረቤቷ ዘወር ስትል ሳቀች። የቆመ ምስል የማያሳየውን፣ ምስል በምስል ላይ ሲደረብ ዓይን ራሱ እየደመረ ያገኘዋል። ሳቋ አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው።

«ድገመው» አለችኝ ልጅቷ። ደገምኩት። ወንድሜም ማጉረምረሙን ትቶ ወደ ሶፋው ጫፍ ወጣ።